የፖስታ ቤቱ ምላጭ

በፈረንጅ አራዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ጦርነት አልቆበት፣ መርከብ ያመለጠው አንድ ሰው ነበረን፤
ኦረስተ ይሉታል፣ የመኪና ጠጋኝ፣
ቁልፍ እያቀበልኩ፣ ናፍጣ እየጠረግኩ በልጅነት ያገኘኝ።

በየወሩ አንዴ፣ ብዙ ቀን ዘግይቶ፣
በሲባጎ ታስሮ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣
እህቱ የላከችው ከቦሎኛ ይመጣል፤
የአንድ ፓርቲ መጽሔት፣ የአራት ሳምንቱ ባንድ ተጠቅልሏል።

እኔ ፓርቲ ሲባል ጢም ነበር የሚታየኝ፤
ጢም፣ ቡጢና ቁጣ። ሽፋኑ አሳፈረኝ፤
አንዲት ሴት ትስቃለች፣ ከባሕር የወጣች፣
ጫማዋን በእጇ እንዳንጠለጠለች።
ከእግሯ ሥር በቀይ፣ በትንሽ ፊደል፣
የዳቦ ዋጋ አለ፣ አድማ አለ፣ በደል።

«እሑድ ጧት፣» ይለኛል ብሎን እያጠበቀ፣
«ወዛደሩ ታጥቦ፣ የክት ሸሚዝ አጥልቆ፣ ጫማው እያብረቀረቀ፣
ይህችን ተሸክሞ በር ለበር ያንኳኳል።
ባል ለፖለቲካው፣ ሚስት ለፍቅር ታሪኩ፣ ልጅ ለብስክሌቱ፣ ቤቱ ይጓተታል።
ቄሱ በስብከቱ ስሟን ጠርቶ ይረግማል፤
የቄሱ ዘበኛ በጓሮ በር ዞሮ ሁለት ቅጂ ይገዛል።»

ጅማ ስትደርስ ግን ጎዶሎ ነበረች።

ፖስታ ቤት አቶ ወልደሰንበት አሉ፤
መነጽራቸው ወፍራም፣ ምላጫቸው ስስ፤
በወረራው ዘመን ጣልያንኛ የለመዱ፣
ቀይ የሸተታቸውን በአራት ማዕዘን ቆርጠው ቀሪውን የሚሰዱ።
ኦረስተ ገጽ ሲገልጥ አድማው በነበረበት የኔ አፍንጫ ይወጣል፤
ሰልፉ በነበረበት፣ በቀዳዳው ማዶ፣ የጅረን ኮረብታ ይታያል።
«ይኸው፣» ይላል፣ «የሮማ ሰልፍ።
ዛፍ ብቻ ነው የወጣው።»

መርካቶ ነዚፍ የሚሉት ልብስ ሰፊ፣
የሹም ነገር ሲነሣ መርፌ ነክሶ አላፊ፣
የኋላውን ገጽ ሊለምን ይመጣል፤
የቀሚስ ልክ አለው፣ በነጠብጣብ መስመር እንደ ካርታ ተነድፏል።
አንዱ ግን ሲዘረጋ ትከሻው ላይ ቀዳዳ፤
ከዚያ ወዲያ ባዶ። የገዛ ጠረጴዛውን ዞረው እንደ እንግዳ።
«እንግዲህ ዘንድሮ ፈረንጅ እጅጌ ትቷል»
አለና መቀሱን አነሣ።

የገዢው ጸሐፊ ሚስት፣ ወይዘሮ አልጣሽ፣ ቀድመው ለበሱት።
ከዚያ የቡና ነጋዴው የሐጂ ተማም ልጆች፣ ከላይ ሻሽ ጣል እያደረጉበት።
ከዚያ አስተማሪዎቹ፣ ከዚያ የሆቴሉ ገንዘብ ያዥ፤
ያን ዓመት በጅማ ክንድ የማያውቀውን ፀሐይ ጠጣ።
ቄሱና ሼሁ ባንድ ሳምንት፣ ባንድ ቃል ተቆጡ፤
በሌላ ነገር እንዲያ ተስማምተው አናውቅም።
ኦረስተ እስኪያስለው ሳቀ።
«ፓርቲያችን ጅማ ገባ፣» አለኝ፣ «በብብት በኩል!»

እሱ አረፈ። ዘመን ተገለበጠ። እኔም በተራዬ
የሌላ ፓርቲ ጋዜጣ ተሸከምኩ፣ እሑድ ጧት፣ በቀበሌዬ።
አንኳኳለሁ። በር ይከፈታል፣ ሳንቲም ይቆጠራል፣ በር ይዘጋል፤
ማንም አልተጓተተበትም፤ በማግስቱ በርበሬ ይጠቀለልበታል።
የሚስቅ ሰው አልነበረውም።
የቀሚስ ልክም።

ባለፈው ጥቅምት የአቶ ወልደሰንበት ልጅ
የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፎ መጣ።
«ከአባቴ አልጋ ሥር ነው። ጣልያንኛ ስለሆነ፣ እርስዎ ምናልባት...»
ከፈትኩት። ሁሉም አለ። አንድ አልጣሉም።
በየቀኑ ተደርድሮ፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ ተተርጉሞ፣
«መሬት» ከሚለው ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሠምሮ።

አንዱን አነሣሁ፤ የሩዝ ማሳ ነው፤
ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ፣
ሥራ አቁመው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ አንሥተው።
ገለበጥኩት።
ከጀርባቸው፣ በነጠብጣብ መስመር፣
እጅጌ፤
ረጅም፣ እስከ አንባር ማሰሪያ፣
በሦስት ቁልፍ የሚዘጋ።